2,147,483,647፦ ከቡና ፍሬ እስከ ስልክ ሰዓት

ሠላሳ አንድ ሁለቶችን አባዝተው አንድ ሲቀንሱ 2,147,483,647 ይመጣል። ባለ አስር አሃዝ ብቸኛ ቁጥር ነው። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም።

ጅማ ተቀምጦ ምሳሌን ከቡና ውጭ መፈለግ ነውር ነው። መስከረም 1 አንድ የቡና ፍሬ አስቀምጡ። በማግስቱ ሁለት፣ ቀጥሎ አራት፣ እንዲህ በየቀኑ እጥፍ። ጥቅምት 1 ላይ የተጠራቀመው ልክ ይህን ቁጥር ይሆናል። አንዷ ፍሬ 0.15 ግራም ብትመዝን 3,221 ኩንታል ግድም ነው። ይህን የሚችል ካለ መቼም የጅማ ቡና ነው።

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን መርሰን እ.ኤ.አ. በ1644 ቁጥሩን በብቸኛ ቁጥሮች ዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል። ዝርዝሩ ግድፈት ነበረበት፤ በዚህ ላይ ግን አልተሳሳተም።

ማረጋገጫው የመጣው ከሒሳብ ሊቁ ሌኦንሃርድ ኦይለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 በደብዳቤ አስታውቆታል። ሰውዬው ያኔ ማየት ተስኖት ነበር። ብልሃቱ ይህ ነው፦ ቁጥሩን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ ያ አካፋይ ራሱ ለ248 ሲካፈል የሚተርፈው 1 ወይም 63 ብቻ መሆን አለበት። ፍለጋውም ከ46,340 አያልፍም፤ 46,341 በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን ይበልጣልና። መጀመሪያ የሚሞከረው 311 ነው፤ 35 ይተርፋል። ከዚያ በቀጥታ ወደ 1,303 ነው፤ 226 ይተርፋል። እንዲህ ሲኬድ እስከ 46,340 ድረስ ካሉት፣ ብዛታቸው ከ4,700 በላይ ከሆነው ብቸኛ ቁጥሮች የሚሞከሩት መቶ እንኳ አይሞሉም። ወረቀትና ትዕግሥት ያለው ተማሪ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል።

እስከ እ.ኤ.አ. 1867 ድረስ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁ ይኸው ነበር ይባላል። የሒሳብ ሊቁ ቶማስ ክላውዘን በ1855 በልጦታል የሚሉም አሉ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ፒተር ባርሎ በ1811 ከዚህ ቁጥር ከሚገኘው ፍጹም ቁጥር (ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ) የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ምናልባት መቼም አይገኝም ብሎ ጽፎ ነበር፤ ለጉጉት እንጂ ለጥቅም አይሆንም ብሎ። ዛሬ የሚታወቀው ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ግን 41 ሚሊዮን አሃዝ አልፏል። ባርሎ ጥቅሙንም ቢሆን አላወቀለትም።

ባለ 32 ቢት (ቁጥርን በ32 የ0 እና የ1 ቦታዎች የሚይዝ) ኮምፒውተር ውስጥ፣ አሉታዊ ቁጥርም እንዲያዝ ሲፈለግ፣ የሙሉ ቁጥር ጣሪያው ይህ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሚንግ የሚማር ልጅ እዚህ ላይ አንድ ሲደምር ብዙውን ጊዜ ‑2,147,483,648 ይወጣለታል። ግራ ይጋባል፤ ኮዱን ደጋግሞ ያያል።

ብዙ መሣሪያዎች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1፣ 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው። ባለ 32 ቢቱ ቆጣሪ ጣሪያውን የሚነካው ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ፣ ያውም በጥምቀት። ጅማ ላይ ታቦታቱ ከከተራ ጀምረው ባሕረ ጥምቀቱ ዘንድ ያደሩበት ጠዋት ማለት ነው። ያልታደሰ አሮጌ ዕቃ ከዚያች ሰከንድ በኋላ ቀኑን 1901 እ.ኤ.አ. ሊል ይችላል። አዳዲስ ስልኮች ወደ 64 ቢት ስለተሸጋገሩ ሐሳብ አይግባችሁ። የእነሱ ቆጣሪ ለ292 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይበቃል።