«እጄ ትንሽ ስለሆነች ቀጭን አንገት ያለው ጊታር ነው የሚሆነኝ» እና ሌሎች ስሕተቶች

ጊታር በማስተማርና በመጠገን በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ሊገዙ ከሚያማክሩኝ ሰዎች ከዋጋው ቀጥሎ የምሰማው ዐረፍተ ነገር አንድ ነው፤ «እጄ ትንሽ ስለሆነች ቀጭን አንገት ያለው ፈልግልኝ» ይሉኛል። አባባሉ ከሻጭ ወደ ገዢ፣ ከገዢ ወደ ጓደኛ እየተላለፈ እንደ ሕግ ስለተቆጠረ፣ ትክክል አለመሆኑን ባስረዳሁ ቁጥር ውድ ዕቃ ሊያሻሽጥ እንዳሰበ ደላላ ያዩኛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ላስፍረው። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ግን በአጭሩ የሚመለሱትን አስቀድማለሁ።

«ፍሬትቦርዱ ጎብጧል፤ ጊታሩ ተበላሽቷል።» ፍሬትቦርድ የምንለው ጣት ክሩን የሚጫንበትን የአንገቱን ፊት ነው፤ ፍሬት ደግሞ በላዩ ላይ አግድም የተተከለው ቀጭን ብረት ነው። ጎብጧል የሚለው በአንድ አንገት ላይ ሁለት የተለያዩ ጉብጠቶች መኖራቸውን የማያውቅ ሰው ነው። ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ፣ በወርዱ በኩል የሚታየው ክብነት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። በርዝመቱ በኩል የሚታየው ደግሞ ክሮቹ አንገቱን ስለሚስቡት የሚመጣ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን በሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ ጤና እንጂ በሽታ አይደለም፤ የሚርገበገብ ክር መሀሉ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋልና።

«ትረስ ሮዱን ማጥበቅ ክሩን ዝቅ ለማድረግ ነው።» አይደለም። በአንገቱ ውስጥ የተቀበረው ይህ የብረት ዘንግ፣ የጊብሰን ሠራተኛ የነበረው ታዲየስ ማክሂው በ1923 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ ሥራው አንገቱን ማቃናት ነው። ሲጠብቅ ክሩ ጥቂት ዝቅ ቢልም ያ የጎንዮሽ ውጤት ነው፤ የክሩን ከፍታ የሚወስኑት ነቱ፣ ማለትም ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያልፉበት ባለ ቦይ ድጋፍ፣ እና ብሪጁ፣ ማለትም በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ድጋፍ ናቸው።

«የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ የተቀባ አንገት ይመቻል።» ላብ ያለበትን እጅ ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል እንጂ አይመችም።

አሁን ወደ ቀጭኑ አንገት ልመለስ። «ቀጭን» በሚለው በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ሦስት ልዩ ልዩ መለኪያዎች ተጠቅጥቀዋል፤ አንደኛው ከፍሬትቦርዱ ፊት እስከ አንገቱ ጀርባ ያለው ውፍረት፣ ሁለተኛው በነቱ ላይ የሚለካው ወርድ፣ ሦስተኛው ከነት እስከ ብሪጅ ያለው የክሩ ርዝመት ነው። ጣቶች ምን ያህል መዘርጋት እንዳለባቸው በዋናነት የሚወስኑት የኋለኞቹ ሁለቱ ናቸው። የክላሲካል ጊታር ነት 52 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሰፋ፣ የብረት ክር ያላቸው አኩስቲክና ኤሌክትሪክ ጊታሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ42 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ይህ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ልዩነት ለትንሽ እጅ ብዙ ነው። በርዝመት በኩል የፌንደር ስትራቶካስተር 648፣ የጊብሰን ሌስ ፖል ደግሞ 628 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆኑ፣ ከነት እስከ አራተኛው ፍሬት ያለው ርቀት በመጀመሪያው 134፣ በሁለተኛው 130 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚያ ላይ አጭሩ ክር፣ ውፍረቱና ቅኝቱ ሳይለወጥ፣ ስድስት በመቶ ያህል ስለሚላላ ለመጫን ይቀላል። እጄ ትንሽ ነው የሚል ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ስለ እነዚህ ነበር፤ ሻጩ ግን የአንገቱን ጀርባ እያሻሸ «እስቲ ያዘው፣ እንዴት እንደሚቀጥን!» ይለዋል።

ውፍረት ሌላ ጉዳይ ነው። በጣም ቀጭን በሆነ አንገት ላይ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚደመጡ ድምፆች፣ ሲያዝ አውራ ጣትና ሌሎቹ ጣቶች እጅግ ይቀራረባሉ፤ መዳፍም የሚያርፍበት ነገር ያጣል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ አንገቱን በመያዝ ፈንታ ይቆነጥጠዋል። ቀጭን እጀታ ባለው ቢላዋ ለድግስ ሽንኩርት ሲከትፍ የዋለ ሰው በአውራ ጣቱ ሥር ያለው ጡንቻ ምን እንደሚሰማው ያውቃል፤ እጀታው ሞላ ቢል ያው ሥራ በቀለለው ነበር።

አንዲት ተማሪዬ ወንድሟ ከዋሽንግተን የላከላትን ኤሌክትሪክ ጊታር ይዛ መጥታ ነበር። «ለትንሽ እጅ» ተብሎ የተመረጠ ሲሆን፣ የአንገቱ ውፍረት በመጀመሪያው ፍሬት ላይ 18 ሚሊ ሜትር ነበር። ግማሽ ሰዓት በተጫወተች ቁጥር አውራ ጣቷ ሥር ያማት ስለነበር፣ ጥፋቱ የእጇ እንደሆነ አምና ልትተወው ደርሳለች። በነት ወርድም ሆነ በክር ርዝመት ከእርሷ ጋር እኩል የሆነውን፣ ውፍረቱ ግን 23 ሚሊ ሜትር የሆነውን የራሴን አሮጌ ጊታር ለአንድ ወር አዋስኳት። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ቀረ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያው ወር የአውራ ጣቷን አቀማመጥና የእጅ አንጓዋን እጥፋት ጭምር ስላስተካከልኩ ምስጋናውን ሁሉ ለአንገቱ አልሰጥም፤ ነገር ግን ወደ ቀጭኑ በተመለሰች ቀን መቆንጠጡም አብሮ ተመለሰ። በነገራችን ላይ፣ ጣቶቹን የሚያደነዝዘው ወይም የሚነዝረው ሰው መሄድ ያለበት ወደ ሐኪም ነው፤ ጊታር መለወጥ መድኃኒት አይሆነውም።

ከዚህ ተነሥቼ «ወፍራም ይሻላል» የሚል አዲስ ሕግ ላወጣ አልፈልግም። እንደ ጂሚ ሄንድሪክስ አውራ ጣቱን በአንገቱ ላይ አሻግሮ የባሱን ክር የሚጫን ተጫዋች፣ ወፍራም አንገት የጣቱን ርዝመት ይበላበታል። ቅርፁም አለ፤ ሁለቱም 22 ሚሊ ሜትር የሆኑ አንገቶች አንዱ ጀርባው ክብ፣ ሌላው ትከሻው የሞላና ጀርባው ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ሁለተኛው በእጅ ውስጥ በጣም ወፍራም መስሎ ይሰማል። ስለዚህ የመለኪያ ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም። የእጅን ትንሽነት ሰበብ ለሚያደርጉ ደግሞ የጃዝ ጊታር ተጫዋቹን ጃንጎ ሬይንሃርትን አስታውሳቸዋለሁ፤ በ1928 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመኖሪያ ጋሪው ውስጥ በተነሣ እሳት የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎድተውበት፣ ነጠላ ዜማውን በቀሩት ሁለት ጣቶች እየተጫወተ ታላቅ ሆነ፤ ከስሙ ጋር የማይለየው የሴልመር ጊታር ክር ደግሞ 670 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከላይ ከጠቀስኳቸው ሁሉ የረዘመ ነበር።

«ክብ ፍሬትቦርድ ለጀማሪ፣ ለጥ ያለው ለባለሙያ ነው።» ይህ ግማሽ እውነት ነው። ክብነቱ የሚለካው በክብ ራዲየስ ስለሆነ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጉብጠቱ ይጨምራል፤ ይህን ገልብጠው የሚያስረዱ ሻጮች አጋጥመውኛል። የድሮዎቹ ፌንደሮች 184፣ የአሁኖቹ ብዙዎቹ 241፣ ጊብሰን 305፣ የማርቲን አኩስቲኮች 406 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ፣ ክላሲካል ጊታር አብዛኛውን ጊዜ ፍጹም ለጥ ያለ ነው። ሌባ ጣት ሁሉንም ክር በአንድ ጊዜ ሲጫን ክቡ ይመቸዋል። ነገር ግን የማሲንቆን ልቅሶ ለማምጣት ክሩን ወደ ጎን የሚስብ ተጫዋች፣ በጣም ክብ በሆነና ክሩ ዝቅ ባለበት ጊታር ላይ ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት በላይ ሲጫወት ድምፁ ድንገት ይሞትበታል፤ የተሳበው ክር ጉብታውን ሲሻገር ከፊቱ ባሉት ፍሬቶች ላይ ይተኛልና። ይህ የምርጫ እንጂ የደረጃ ጉዳይ አይደለም።

«የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ ከቧጨረ ጊታሩ ርካሽ ነው።» በአዲስ አበባ በበጋ ውድ ጊታርም ይቧጭራል። በክረምት እርጥበት የጠገበ እንጨት ከኅዳር ጀምሮ ባለው ደረቅ አየር ሲኮማተር፣ ብረቱ ግን ባለበት ስለሚቀር፣ ጫፉ ከእንጨቱ ጠርዝ ወጣ ይላል። ጊታሩን በሣጥኑ ውስጥ ከረጠበ ስፖንጅ ጋር ማስቀመጥ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ካልበቃ በደቃቅ ሞረድ ይስተካከላል።

የመጨረሻው «በአስቸጋሪ ጊታር ጀምር፤ ጣትህ ይጠነክራል» የሚለው ሲሆን፣ ስንት ተማሪ እንዳሳጣኝ ሳስብ ያናድደኛል። በመጀመሪያው ፍሬት ላይ ክሮችን በሌባ ጣት የሚያስጭነው ኤፍ ኮርድ አልያዝ ያለው ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የተሸነፈው በአንገቱ ቅርፅ ሳይሆን በነቱ ነው፤ የነቱ ቦዮች በበቂ ጥልቀት ካልተቆረጡ የመጀመሪያው ፍሬት ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል። ፍተሻው ቀላል ነው። አንዱን ክር በሦስተኛው ፍሬት ላይ ይጫኑና በመጀመሪያው ፍሬት አናትና በክሩ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ፤ ፀጉር የሚያሳልፍ ያህል ከሆነ ደህና ነው፤ ሳንቲም የሚያሳልፍ ከሆነ ግን ከመግዛትዎ በፊት ነቱ እንዲስተካከል ይጠይቁ። ሻጩ በላይኛዎቹ ፍሬቶች ላይ እየሮጠ ሲያሳይዎት ጊታሩን ተቀብለው ይቀመጡና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍሬቶች ላይ አሥር ደቂቃ ኮርድ ይያዙ። አውራ ጣትዎ ሥር ማቃጠል ከጀመረ፣ አንገቱ የቱንም ያህል ቢቀጥን ለሻጩ ይመልሱለት።