ውሃ ልክ ምንድን ነው? የአኳሪየም ስታንድ ራሱ ለሚሠራ ሰው

ገላን አካባቢ ደላላ «ውሃ ልክ የወጣ ቤት አለኝ» ካላችሁ ስለ ውሃ እያወራ አይደለም። መሠረቱ አልቆ፣ ወለሉ በሚያርፍበት ከፍታ ላይ የቆመ ግንባታ አለ ማለቱ ነው። ግንበኛ «ውሃ ልኩን አቀብለኝ» ሲል ደግሞ ያቺን መሃሏ ላይ ፈሳሽና አረፋ የታሸገባት ቀጥ ያለች ዕቃ ይፈልጋል። ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ከአንድ ነገር ነው። የቆመ ውሃ ገጹ ምንጊዜም ልክ ነው። መሬቱ ቢያዘነብል፣ ዕቃው ቢንጋደድ፣ ውሃው ከራሱ ልክ ንቅንቅ አይልም።

አኳሪየም (ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ) ቤቱ ያስገባ ሰው ይህን ወደደም ጠላም ይማረዋል። እኔ የተማርኩት ገንዳው የሚቀመጥበትን ስታንድ ራሴ ልሥራ ብዬ ነው። ተሠርቶ የሚሸጠው ዋጋው አልቀመስ ሲለኝ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ገዛሁና ሰፈር ውስጥ ያለ በያጅ ጋ ሄድኩ። ስታንዱ አማረ። ቀለም ተቀባ፣ ገንዳው ተጫነ፣ ውሃ መሙላት ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። ውሃው በግራ በኩል ከፍ፣ በቀኝ በኩል ዝቅ ብሏል። አንድ ጣት ያህል ይበላለጣል።

«ውሃው ተንጋደደ» አልኳት ባለቤቴን።

«ውሃ እንዴት ይንጋደዳል? ያንተ ብረት ነው እንጂ» አለችኝ።

ልክ ናት። ውሃው ከፍ ብሎ የታየበት በኩል ስታንዱ ዝቅ ያለበት በኩል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበትና የማያስፈልገውን እግር ከፍ ያደርጋል። እኔም አድርጌያለሁ።

ነገሩ የዓይን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ችግር አልነበረውም። ክብደቱ ነው ጣጣው። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እንውሰድ። እስከ አፉ ቢሞላ 200 ሊትር ገደማ ነው፤ 1 ሊትር ውሃ ደግሞ 1 ኪሎ ይመዝናል። መስታወቱ ባለ 8 ሚሊ ከሆነ ብቻውን ወደ 36 ኪሎ ይጠጋል። ታች የሚነጠፈው ጠጠር ሌላ 30 ኪሎ ገደማ። ከላይ የምንተወውን ክፍተት ቀንሰን፣ ድንጋዩንና ክዳኑን ጨምረን፣ ወደ 2 ኩንታል ተኩል እንደርሳለን። አምስት ከረጢት ሲሚንቶ ሳሎናችሁ ውስጥ በአራት እግር ቆሞ ያድራል ማለት ነው፤ ለዚያውም ለዓመታት።

ቱቦላሬው ይህን ለመሸከም አይቸገርም። 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ እግሮቹ ከላይኛው ፍሬም ሥር ቀጥ ብለው እስከ መሬት ከወረዱ፣ ይበቃዋል። የሚያስቸግረው ልኩ ነው።

ስታንድ ውሃ ልኩን የሚስተው በሁለት መንገድ ነው። ብዙው ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። አንዱ ማዘንበል ነው፣ ሌላው መጠማዘዝ።

ማዘንበል ማለት ስታንዱ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ነው። ያስጠላል። ግን ጫፍ ለጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ቢበላለጥ፣ 45 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላለው ውሃ፣ ዝቅ ባለው ጫፍ ያለው የታች ግፊት ከሌላው ጫፍ በ2 በመቶ ገደማ ቢበልጥ ነው። ጤነኛ ገንዳ ይህን ይችለዋል። ይስተካከል፣ ግን እንቅልፍ አያሳጣም። ወደ ፊት የሚያዘነብል ከሆነና ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ብቻ ቀልድ የለም።

መጠማዘዝ ሌላ ነው። ሦስቱ ማዕዘኖች ተስማምተው አራተኛው ብቻውን ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ነው። መስታወት እንደ ጣውላ እሺ ብሎ አይታጠፍም። ሸክሙ ሲመጣበት ጫናው ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ወይ ሲሊኮኑ ይላቀቃል፣ ወይ የታችኛው መስታወት ከጥግ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ደግሞ በሞላችሁት ቀን ላይሆን ይችላል። ከወር በኋላ፣ ሌሊት፣ ተኝታችሁ።

ለመረዳት ወደ ማድቤት ግቡ። ጉልቻ ለምን ሦስት ሆነ? አራት ብታደርጉት ድስቱ ይወዛወዛላ! ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ በአንድ ዝርግ ገጽ ላይ ይውላል። ድንጋዮቹ ትልቅና ትንሽ ቢሆኑ ድስቱ ያዘነብል ይሆናል እንጂ አይነቃነቅም። አራተኛ እግር ሲጨመር ግን ያ እግር ከሦስቱ ጋር መስማማት አለበት። ካፌ በረንዳ ላይ ስኒ ባስቀመጣችሁ ቁጥር የሚወዛወዘውን፣ እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን የተወተፈለትን ጠረጴዛ አስቡት። ልዩነቱ እሱ መስታወት አልተሸከመም።

መጠማዘዝን ለመያዝ ከሲባጎ የተሻለ መሣሪያ አላየሁም። ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው አንድ ሲባጎ ወጥሩ። ሌላውን በቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ላይ ወጥሩ። መሃል ላይ ይሻገራሉ። የላይኛው የታችኛውን ሳይጫነው ለስለስ ብሎ ከነካው አራቱ ማዕዘኖች በአንድ ገጽ ላይ ናቸው። በመሃላቸው ብርሃን ከታየ ተጠማዝዟል። ከዚያ ከላይ የነበረውን ሲባጎ ከሥር አድርጋችሁ ድገሙት። መጀመሪያ ላይ አንዱ ሌላውን ተጭኖት የነካ መስሎ ከነበረ፣ አሁን ክፍተቱ ይወጣል።

ሰያፉን (ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ያለውን ርቀት) በሜትር መለካት የተለየ ፈተና ነው። 100 በ40 የሆነ ፍሬም ሁለቱም ሰያፎቹ ወደ 107.7 ሳንቲ ሜትር ከመጡ ማዕዘኖቹ ስኳድራ (ልክ 90 ዲግሪ) ናቸው። ስኳድራው የተጠበቀ ፍሬም ግን ተጠማዝዞ ሊገኝ ይችላል። የእኔ እንደዚያ ነበር።

ምክንያቱ ብየዳው ነው። ብረት ሲበየድ ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብ ፍሬሙን ወደ ራሱ ይጎትታል። አንዱን ጥግ ሙሉ በሙሉ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ መሄድ ማለት ፍሬሙን ጥግ በጥግ እየጠመዘዙ መሄድ ነው። መድኃኒቱ ሁሉንም ጥግ መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ማስያዝ፣ መለካት፣ ከዚያ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው እየዘለሉ መጨረስ ነው። ሁለተኛውን ስታንድ ሳሠራ በያጁ አጠገብ ቆሜ «እዚህ ጋ አቁምልኝ» እያልኩ አስቸገርኩት።

«ወንድሜ፣ ዓሣ ነው ዝሆን ነው የምታስቀምጥበት?» አለኝ።

ኪሎውን ነገርኩት። ሌላ ነገር ሳይናገር ሜትሩን አነሳ።

በነገራችን ላይ ቱቦላሬ፣ ላሜራ፣ ሲባጎ፣ ስኳድራ፣ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ብረት ቤት ገብቶ ጣልያንኛ ሳይናገር የወጣ ሰው የለም። ውሃ ልክ ግን የራሳችን ቃል ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዋ። የእኔን የገዛሁት በርካሽ ነው። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ ትላለች፣ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ይበላለጣል። ሰፈራችን ውስጥ አንድ አንጋፋ ግንበኛ አሉ፤ ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ አረፋዋ ልክ ነው ትላለች፣ ውሃው አይደለም ይላል። ማንን ልመን?»

«አዙረህ አይተሃታል?» አሉኝ።

አላየኋትም ነበር። ውስጧ ያለችው ብርጭቆ ወደ ላይ በጣም በትንሹ የጎበጠች ናት፤ አረፋዋ ሁልጊዜ ወደ ከፍታው ትሄዳለች። ብርጭቆዋ ፋብሪካ ውስጥ ተንጋዳ ከተገጠመች ዕድሜ ልኳን ትዋሻለች። ምርመራው ቀላል ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አረፋዋ የት እንዳለች ልብ በሉ። ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ ቀኝ ጫፏን ወደ ግራ አዙሯት። አረፋዋ ሁለቱንም ጊዜ ወደ መስኮቱ ካጋደለች ጠረጴዛው ነው የተንጋደደው። አንዴ ወደ መስኮት፣ አንዴ ወደ በር ካለች ግን ውሸታሟ ራሷ ናት። የእኔዋ ሁለተኛዋ ሆና ተገኘች። ስልክ ላይ ያለውን የውሃ ልክ አፕ ለመሞከር ካሰባችሁ፣ የኋላ ካሜራው ጉብ ያለ ስልክ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው እኩል አይተኛም።

ግንበኛው ራሳቸው ለሩቅ ነገር አረፋ አያምኑም። የሚያምኑት ጎማ ነው። ውስጡ የሚታይ ቀጭን ጎማ ውሃ ይሞላል፣ ሁለቱ ጫፎች ክፍት ሆነው ይያዛሉ። አንደኛው ጫፍ እዚህ፣ ሌላኛው ግድግዳው ማዶ ቢሆንም ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ምሰሶ ቢኖር በመሃል፣ በር ቢኖር በመሃል፣ ግድ አይሰጠውም። አንድ ነገር ብቻ ያበላሸዋል፤ ጎማው ውስጥ የታሰረ አየር። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት ጎማውን በዓይናችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱበት። የአኳሪየም አየር ጎማም ለዚህ ሥራ ያገለግላል። በጣም ስለሚቀጥን ግን ውሃው ቀስ ብሎ ነው የሚረጋው፤ ታገሡት።

ወለሉስ? የእኔ ክፍል ሊሾ ነው። ሲታጠብ ውሃው በራሱ እንዲወጣ ሆን ተብሎ ወደ በሩ አዘንብሏል። ጥሩ አሠራር ነው፣ ለስታንድ ግን ጣጣ ነው። ከዚያ በላይ የሚከፋው ከሥሩ ያለው ነው። ከአቃቂ እስከ ገላን ያለው ብዙው መሬት ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰበሰብና እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። መሠረቱ በደንብ ያልተቆፈረ ቤት አብሮት ከፍና ዝቅ ይላል። ጥር ላይ ልክ የነበረ ስታንድ ነሐሴ ላይ ልክ ላይሆን ይችላል። የግድግዳችሁ ስንጥቅ በየክረምቱ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ፣ ስታንዳችሁን ከክረምት በኋላ እንደገና ለኩ።

ማስተካከያው የሚገባው በስታንዱ እግርና በወለሉ መካከል ነው እንጂ በስታንዱና በገንዳው መካከል አይደለም። ገንዳው ጥግ ሥር አንድ ነገር ወትፎ ማስተካከል መጠማዘዙን በገዛ እጅ መሥራት ነው። ለእግሩ የላሜራ ቁራጭ ተጠቀሙ። ካርቶንና እንጨት እርጥበት ይጠጣሉ፣ ይበሰብሳሉ። ገና ከጅምሩ እግሮቹ ላይ በቡሎን ከፍና ዝቅ የሚል መርገጫ ማስበየድ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። በገንዳውና ስታንዱ ላይ በሚነጠፈው ኮምፔንሳቶ (ስስ ጣውላ) መካከል የሚነጠፈው ስስ ፎም ሥራው የአሸዋ ቅንጣትንና ጥቃቅን ጉብታን መዋጥ ነው። የተጠማዘዘ ስታንድ አያቀናም። ገንዳው ዙሪያውን የፕላስቲክ ጠርዝ ካለው ደግሞ ፎም አታድርጉለት፤ የተሠራው በጠርዙ እንዲቀመጥ ነው።

ስታንዱ ላይ ውሃ ልክን ያወቀ ሰው የቀረውን ዕቃ ሲሠራም ይጠቅመዋል። የአየር ፓምፕን ውሰዱ። ብዙዎቻችን ለዓይን እንዳይታይ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው የምንደብቀው። መብራት ሲጠፋ አየሩ ይቆማል፣ ውሃው በቀጭኗ ጎማ ተመልሶ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ከመኪና ታንክ ነዳጅ በጎማ እንደሚሳበው ማለት ነው፤ አንዴ ከጀመረ ሳቢ አያስፈልገውም። እኔ ጋ ፓምፑንም የሶኬት ማከፋፈያውንም አበላሽቶ፣ ጠዋት ስነሳ ምንጣፉ ላይ እርምጃዬ ጨቅ ይል ነበር። መፍትሔው ፓምፑን ከውሃው ገጽ በላይ ማስቀመጥ ነው። ካልሆነ ጎማው ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ግጠሙ።

ከገንዳው ሥር ሁለተኛ የማጣሪያ ገንዳ ለምታስቀምጡ ደግሞ ሒሳቡ ይህ ነው። ያው 100 በ40 ገንዳ ውስጥ እያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ውሃ 4 ሊትር ነው። መብራት ሲጠፋ የላይኛው ውሃ የመመለሻ ቧንቧው (የተጣራውን ውሃ ከታች ወደ ላይ የሚመልሰው) አፍ አየር እስኪያገኝ ድረስ በዚያው ቧንቧ ይወርዳል። አፉ 3 ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ 12 ሊትር ታች ይመጣል። ታች 12 ሊትር ባዶ ቦታ ከሌለ የሚሄደው ወለሉ ላይ ነው። ቧንቧው ላይ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀዳዳ መብሳት ይረዳል፤ አየር ቶሎ ይገባና ይቆርጠዋል። ግን ቀዳዳውን አልጌ ይደፍነዋል፣ በየጊዜው ጥረጉት። እኛ ሰፈር መብራት ለመጥፋት ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ቀን ላይ፣ ባልዲ ይዛችሁ፣ ራሳችሁ ሶኬቱን ነቅላችሁ ሞክሩት።

አሁን ገንዳዬ ላይ በአራቱም ጥግ ውሃው በሚደርስበት ልክ ቀጭን ፕላስተር ለጥፌያለሁ። ውሃው ሲተን በአራቱም ላይ እኩል ይወርዳል፤ አንዱ ጥግ ብቻውን ከተለየ ስታንዱ ወይም ወለሉ ተንቀሳቅሷል። ከክረምቱ ወዲህ በበሩ በኩል ያሉት ሁለቱ ጥጎች 3 ሚሊ ያህል ተለይተዋል። ሁለቱ አብረው ስለሄዱ ማዘንበል ነው፣ መጠማዘዝ አይደለም። ቅዳሜ ገንዳውን አጎድዬ ከስታንዱ እግሮች ሥር ሁለት ቁራጭ ላሜራ አስገባለሁ።