ክረምት ላይ ወደ አርባ ምንጭ፦ መኪና ውስጥ የሰማናቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ይዘን ወደ አርባ ምንጭ ለመውረድ ወሰንን። በቡታጅራ፣ በሆሳዕና፣ በወላይታ ሶዶ አድርገን። ሆሳዕና የባለቤቴ አክስት አሉ። ሶዶ ታላቅ ወንድሜ አለ። መኪናው ውስጥ ስድስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆች፣ እናቴና አጎቴ። ጋሼ ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ስለዚህ ስለ መንገድ የማያውቁት ነገር የለም፤ ቢያንስ እሳቸው እንደሚሉት። ከመነሳታችን በፊትም፣ መንገድ ላይም «እንዲህ ነው» የተባለው ብዙ ነው። ግማሹ ልክ አልነበረም። የኔን ጨምሮ።

«በክረምት ምን ጉዞ አለ? አገሩ ሁሉ ዝናብ ነው»

የእናቴ ቃል ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው በሐምሌ ከቤት ወጥቶ ጭቃ ሲያይ አገሩ ሁሉ እንደሱ ይመስለዋል። ግን አይደለም። ዝናቡን የሚያመጣው የአየር ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ስለሚያልፍ መሃል አገሩንና ሰሜኑን ያጥባል። የደቡቡን ጫፍ፣ ማለትም ቦረናን፣ ኮንሶን፣ አርባ ምንጭን፣ በደንብ የሚያገኘው ሲሄድና ሲመለስ ነው። ስለዚህ እዚያ ዋናው ዝናብ ሚያዝያ አካባቢ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጥቅምት አካባቢ። በሐምሌ አይዘንብም እያልኩ አይደለም። የኛን ክረምት አይመስልም ነው የምለው።

እስከ ሆሳዕና ድረስ ግን እናቴ ልክ ነበረች። ጉም፣ ካፊያ፣ ብርድ። ሁላችንም ጃኬት ለብሰናል። ከሶዶ አልፈን ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል መውረድ ስንጀምር ጃኬቱ አንድ በአንድ ወለቀ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለው፤ አርባ ምንጭ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ። የአንድ ሺህ ሜትር ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሌላም አለ። ፏፏቴ ማየት የሚፈልግ ሰው በበጋ ሄዶ ምን ያያል? በወላይታና በከምባታ መካከል ያለው የአጆራ መንትያ ፏፏቴ ሙሉ ሆኖ የሚታየው በክረምት ነው። ዳገቱ ያዳልጣል። ጫማ ግን ይታጠባል።

«450 ኪሎ ሜትር ነው፤ ምሳ እዚያ እንበላለን»

ይሄ የኔ ነው። በሆሳዕና በኩል አርባ ምንጭ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሻሸመኔ በኩል ወደ 500 ይጠጋል። በካልኩሌተር ሲሰላ ያጓጓል። መንገዱ ላይ ግን ከብት አለ፣ በግ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ መሃል አስፋልት ላይ ቆማ የምታስብ አህያ አለች። የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ አንዲት ትንሽ ከተማ ብቻዋን ግማሽ ሰዓት ትበላለች። በዚህ ላይ ልጆቹ በየሰዓቱ ሽንት ይመጣቸዋል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በክረምትም ቢሆን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ይጨልማል። በማታ መንዳት ደግሞ አይመከርም፤ መብራት የሌለው ጋሪና የተበላሸ ሲኖትራክ የሚታየው አጠገቡ ከተደረሰ በኋላ ነው።

ሁለት ቀን አድርጉት። ዘመድ ያለውማ ለዚህ ነው። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊትም ወደፊት ያለ ሰው ጋ ደውላችሁ ስለ መንገዱም ስለ ሰላሙም ጠይቁ።

«መስኮቱን ዝጉት፣ ነፋስ ይመታናል»

በአገር አቋራጭ አውቶቡስ የሄደ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስልሳ ሰው ታፍኖ፣ መስታወቱ በላብ ደፍርሶ፣ አንድ ሰው በጣት ያህል ሲከፍት ከኋላ ጩኸት ይነሳል። እኛ መኪና ውስጥም ያው ነው። እናቴ አንገቷን በነጠላ ጠቅልላ «ዝጉት» ትላለች።

ነፋስ በሽታ አይወልድም። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ የሚተላለፈውም ከሰው ወደ ሰው ነው። ሳንባ ነቀርሳም እንደዚያው ከሰው ነው የሚመጣው። ሁለቱም የሚመቻቸው አየር የማይንቀሳቀስበት የታፈነ ቦታ ነው። ማለትም እናቴ የምትፈራው መስኮት ነው የሚያድነን። ይህን ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችኝና ዘጋችው።

መስኮቱ ሌላም ጥቅም ነበረው። ትንሿ ልጄን መኪና ያስመልሳታል። «ባዶ ሆዷን ትሂድ» ተባለ። ይሄም ስህተት ነው፤ ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን ሊያብሰው ይችላል። የሚሻለው ትንሽ ደረቅ ነገር ነው፣ ዳቦ ወይም ብስኩት፤ ቅባት አይሁን እንጂ። ችግሩ የሚጀምረው ጆሮ ውስጥ ነው። እዚያ ያለው የሚዛን ጠባቂ «እየተንቀሳቀስን ነው» ይላል፤ ስልክ ላይ የተተከለው ዓይን ደግሞ «ቁጭ ብለናል» ይላል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ያቅተዋል። ስለዚህ ስልኩን ቀማናት፣ ፊት ለፊት ሩቅ እንድታይ መሃል አስቀመጥናት፣ መስኮቱን በትንሹ ከፈትን። ሎሚ ማሽተቱንም አልከለከልኩም። መድኃኒት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ከናፍጣ ሽታ ግን ይሻላል።

እዚሁ ላይ፦ «እቅፌ ውስጥ ብትሆን ይሻላታል» የሚለውም ትክክል አይደለም። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግጭት ሲደርስ የልጅ ክብደት በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የማንም ክንድ አይይዛትም። ቀበቶ ይታሰርላት።

«ቁልቁለት ላይ ማርሽ ማውጣት ነዳጅ ይቆጥባል»

ጋሼ ናቸው። በድሮ ካርቡሬተር ዘመን ትንሽ እውነት ነበረው ይባልላቸው። ያሁን መኪኖች ግን ማርሽ ውስጥ ሆነው ነዳጅ ሳይረገጥ ቁልቁለት ሲወርዱ ኮምፒውተራቸው ነዳጁን ይዘጋል። ማርሽ ከወጣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ቁጠባው ተገላቢጦሽ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ መሆኑ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይግላል፣ ይከዳል። ጋሼ ይህን ስነግራቸው «እኔ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ» አሉ። መልስ የለኝም። መሪውን ግን አልሰጠኋቸውም።

«የግራኝ ድንጋይ»

ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ጢያ ቆምን። ሰው የግድ መቆም አለበት ባይ ነኝ፤ ከመንገዱ ብዙ አያርቅም። በዩኔስኮ የተመዘገበው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ብዙዎቹ ላይ ጎራዴ አለ። ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ ጎራዴውም ለዚህ ሳያግዝ አልቀረም። ነገር ግን ቦታው የመቃብር ስፍራ ነው። ተቆፍሮ ከሥራቸው አጽም ተገኝቷል፤ ድንጋዮቹም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተነሣው ከአሕመድ ግራኝ ይቀድማሉ። ግራኝ ባለፈበት ሁሉ ድንጋይ ቢያቆም ኖሮ ለጦርነቱ ጊዜ ከየት ያመጣ ነበር? ትልቁ ልጄ ጎራዴ መቁጠር ጀመረ፤ ካልጨረስኩ አልሄድም አለ።

«ሙዝ! ሙዝ!»

ከቡታጅራ ወዲያ ልጆቹ በየደጃፉ የቆመውን ትልቅ ቅጠል እያዩ ጮኹ። እንሰት ነው። የሙዝ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ግን አይበላም። ሙዝ ከሥሩ ብዙ ቡቃያ ያበቅላል፤ እንሰት ብቻውን ነው የሚቆመው፣ ከታች ወፍራም ነው፣ ቅጠሉም ወደ ላይ ቀና ይላል። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይብላላና ቆጮ ይሆናል። የተጣራው ቡላ ነው። ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ።

«የድሃ ምግብ ነው» የሚል አለ። ከከተማ ነው የሚመጣው፣ ከክትፎ ጋር ሲሆን ዋጋውን አይቶ አያውቅም መሰለኝ። እንሰት ድርቅ ይችላል፤ እንደ እህል የአንድ ወር ዝናብ ቢቀር አይጠፋም። በፈለጉት ጊዜ ይቆረጣል። የሆሳዕናዋ አክስት ጓሮ ያለው ይህ ነው፦ ቆሞ የሚጠብቅ ጎተራ። እውነተኛውን ሙዝ ልጆቹ አርባ ምንጭ ሲደርሱ አገኙት፤ እስኪጠግቡም በሉ።

«ዘመድ ቤት ካደርን ወጪ የለም»

የአልጋ የለም። ባዶ እጅ ግን አይገባም። ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና፣ ለልጆች ደብተር፤ ሲወጡ ደግሞ ለአክስት በእጃቸው የሚጨበጥ ነገር። ይህንን ከነዳጅ ጋር አብሮ ማስላት ነው። «ድንገት ብንደርስ ደስ ይላቸዋል» የሚለውንም አልወደውም። ደስታው ለእንግዳው ነው። የቤቱ እመቤት ዶሮ ፍለጋ በዝናብ ስትሮጥ አይቻለሁ። በፊት ደውሉ። ነሐሴ ከሆነ ቀኑንም እዩ፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም ስለሆነ የሚጾም ቤት በግ ይታረድልኛል ብሎ የሚመጣ ሽሮ ይጠብቀዋል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ ግን አልገባም። ሶዶ ላይ ወንድሜና እናቴ ገብተውበት አምሽተዋል።

«ውሃው ቀይ የሆነው ቆሽሾ ነው»

ከአርባ ምንጭ ከፍታ ላይ ቆሞ ሁለቱን ሐይቆች ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ይገረማል። ጫሞ ሰማያዊ፣ ዓባያ ቀላ ያለ ቡናማ። መሃላቸው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ቀጭን ኮረብታ አለ። ዓባያ ከጣና ቀጥሎ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ወንዞች ከደጋው አጥበው ከሚያመጡት ደቃቅ አፈር ነው፤ ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይቆያል፣ አይዘቅጥም።

በጀልባ ጫሞ ላይ ስንሄድ ዳር ላይ አዞ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ልጄ «ሊበላን ነው!» አለች። አይደለም፤ ሙቀት እያስወጣ ነው። ውሻ ምላሱን እንደሚያወጣው ዓይነት ነገር ነው። የሚፈራው አዞ ያልታየው ነው፣ ውሃ ዳር ጸጥ ብሎ የተደበቀው። እግር ለመታጠብ ወደ ሐይቁ አትጠጉ።

ነጭ ሣር ፓርክ አንበሳ ለማየት የሚሄድ ሰው ተስፋውን ይቀንስ። ሜዳው የሜዳ አህያ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን የወፍ ታሪክ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. እዚያ ሜዳ ላይ የአንዲት ወፍ ክንፍ ተገኘ። ክንፍ ብቻ። ከማንኛውም ከሚታወቅ ወፍ ጋር አልገጠመም፤ ስለዚህ በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ስም ወጣላት። የሳይንስ ስሟም ትርጉሙ «ክንፍ ብቻ» ነው። ልጆቹ ከአዞው ይልቅ ይህን ነው ለጎረቤት የሚያወሩት።

ዶርዜ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሲወጡ ጃኬቱ ይመለሳል። ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ከቆላ ደጋ ይገባል። መንገዱ ላይ ያሉትን የዶርዜዎችን የዝሆን ፊት የመሰለ የቀርከሃ ቤት ዝቅ ያለ ሆኖ ሲያዩት «አሳጥረው ነው የሠሩት» ይባላል። ሲሠራ ረጅም ነው። ምስጥ ከታች ሲበላው ይቆረጣል፤ በየጊዜው እያጠረ ይሄዳል። የቤቱ ዕድሜ በቁመቱ ይገመታል ማለት ነው። «ሽመና የሴት ሥራ ነው» የሚል ካለም ዶርዜ ይሂድ። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ የሚሸምኑት ወንዶቹ ናቸው። ሽሮ ሜዳ ያለውን ሸማኔ የት እንደተማረ ጠይቁት።

«ነጭ ሽንኩርት የበላ ወባ አይዘውም»

የመጨረሻው፣ አደገኛውም ይህ ነው። ጋሼ ነጭ ሽንኩርት በኪሳቸው ይዘው ነበር፣ ከሱ ጋር አረቄም። ትንኟ አትመርጥም። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው ቦታ ወባማ ነው። አጎበር፣ ረጅም እጅጌ፣ የሚቀባ መከላከያ፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ደግሞ ከመሄድ በፊት ሐኪም ማማከር። ደጋ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን አያውቀውም፤ ሲይዘው ይጠናበታል።

ብዙ ሰው «ከተመለስን ሦስት ቀን ሆነን፣ ምንም አልሆንንም» ይላል። ወባ ግን ከተነከሱ በኋላ ለመታየት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሳምንት በላይ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ዓይነት ወራትም ይቆያል። ከተመለስን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትልቁ ልጄን ትኩሳት ያዘው። ጤና ጣቢያ ወሰድኩትና «አርባ ምንጭ ነበርን» አልኩ፤ ጣቱን ወግተው ደሙን አዩ። ወባ የለም፣ ጉንፋን ነው ተባለ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ «መስኮቱ ነው» ትላለች።