«የድሮ ሰው አይሳሳትም» ለምትሉ፦ የሳልስበሪ ካቴድራል

ሙያዬ ሲቪል ምህንድስና ነው። እንግሊዝ አገር የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ሳልስበሪ ካቴድራል ፊት ፎቶ ይነሳና «የዛሬ መሐንዲስ ምን ያውቃል? እነሱ ሁሉን አስልተው ነው የሠሩት» ይለኛል። ሰለቸኝ።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልጨርስ። «መነኮሳት ሠሩት» ይባላል፤ ገዳም ሆኖ አያውቅም፣ ድንጋዩን የጠረቡት ተከፋይ ባለሙያዎች ናቸው። «መቶ ዓመታት ፈጀ»? ዋናው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1220 ተጀምሮ በ1258 ተባርኳል። እዚያ ያለውን ማግና ካርታም (የንጉሥን ሥልጣን የገደበውን የ1215 ሰነድ) የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን አልፈረመበትም፤ በማኅተም ነው የጸደቀው።

አሁን ወደ ስሌቱ። 123 ሜትር የሚደርሰው ሹል ጫፍ ካቴድራሉ ሲባረክ አልነበረም። የመሃሉ ማማ ከጣሪያው እምብዛም ከፍ አይልም ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን ማማውን አስረዝመው ጫፉን ጫኑበት፤ ሁለቱ አንድ ላይ 6,500 ቶን ያህል ይመዝናሉ። ከሥር ያሉት አራት ምሰሶዎች ለዚህ ሸክም አልታሰቡም። የመሠረቱ ጥልቀት ደግሞ 1.2 ሜትር ገደማ ነው! እኔ በዚህ መሠረት ለዚህ ከፍታ ፈቃድ ብጠይቅ ስቀው ያባርሩኛል።

ያላመነ ምሰሶው ሥር ቆሞ፣ ጉንጩን ለድንጋዩ አስጠግቶ ወደ ላይ ይመልከት። መጉበጡ በዓይን ይታያል። የአጎቴ ልጅ ይህን አሳይቼው «ለጌጥ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ታዋቂው እንግሊዛዊ አርክቴክት ክሪስቶፈር ሬን በ1668 ሲመረምረው ጫፉ ወደ ደቡብ ምዕራብ 75 ሴንቲሜትር ያህል አዘንብሎ ነው ያገኘው፤ ይህም ለጌጥ ይሆን?

ያቆመው የመጀመሪያው ስሌት ብቻ አይደለም። ሸክሙ ሲያስጨንቃቸው ግንበኞቹ ራሳቸው ደጋፊ ቅስቶች ጨመሩ፤ የብረት ማሰሪያም ገባ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያምራል!» እያለ ፎቶ የሚያነሳቸው እነዚያ በምሰሶዎቹ መሃል የተዘረጉ ቅስቶች ድጋፎች ናቸው። ዕድልም አግዟቸዋል፦ ሕንፃው ያረፈው ሸክም በሚችል፣ ውሃ በያዘ ጥቅጥቅ ያለ ጠጠር ላይ ነው። አስጎብኚዎች ከወለሉ አንድ ክዳን አንስተው ዱላ እየነከሩ የውሃውን ከፍታ ያሳያሉ። ስትሄዱ ጠይቋቸው፤ ከውጭ ፎቶ ተነስቶ መመለስ የትኬት ብር ቢያስቀርም ይህን አያሳይም።

ውስጥ ያለውን አሮጌ ሰዓት ደግሞ «ቀስቱ የት ሄደ፣ ተበላሽቷል» አትበሉ። ገጽም ቀስትም የለውም፤ ሥራው ደወል መምታት ነበር።