ብቃት ተኮር የትምህርት ዕቅድ፦ ከአዳማ መማሪያ ክፍሎች

የትምህርት ዕቅድ መምህሩ ክፍል ከመግባቱ በፊት ምን፣ ለማን፣ በምን ያህል ጊዜና በምን ዘዴ እንደሚያስተምር፣ ተማሪው መማሩንም በምን እንደሚያረጋግጥ የሚያሰፍርበት ሰነድ ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በመስከረም የሚዘጋጀው ዓመታዊ ዕቅድ ሲሆን የመማሪያ መጽሐፉን ምዕራፎች በወር፣ በሳምንትና በክፍለ ጊዜ ይደለድላል። ሁለተኛው መምህራን በተለምዶ «ሌሰን ፕላን» የሚሉት ዕለታዊው ነው። የእንግሊዝን የትምህርት ልማድ የወረሱ እንደ ኬንያ ያሉ አገሮች በሁለቱ መካከል የአንድ ተርም ሥራን በየሳምንቱ የሚዘረዝር ሌላ ሰነድ አላቸው፤ በእኛ ዘንድ ያንን ሥራ ዓመታዊው ዕቅድ ደርቦ ይዞታል። ብቃት ተኮር የሚባለው አስተምህሮ የሁለቱንም መነሻ ይገለብጠዋል። መምህሩ ዕቅዱን የሚጀምረው «ዛሬ የትኛውን ገጽ ላስተምር» ብሎ ሳይሆን «ተማሪው ሲጨርስ ምን መሥራት ይችል ዘንድ» ብሎ ነው።

ከሙያው ደጅ የመጣ ሐሳብ

በኢትዮጵያ ይህ አስተሳሰብ አስቀድሞ ሥር የያዘው ከቀለሙ ትምህርት ይልቅ በቴክኒክና ሙያ ሥልጠናው ውስጥ ነው። አዳማም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ በኋላ የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ ለአገሪቱ የሙያ ተቋማት መምህራን አፍርቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ደግሞ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስያሜ ያገኘው ይኸው ተቋም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናውን ውጤት ተኮር አደረገው። ለየሙያው የሙያ ደረጃ ተጻፈ፤ እያንዳንዱ ሙያ በብቃት አሃዶች ተከፋፈለ፤ ለእያንዳንዱ አሃድም የአፈጻጸም መስፈርት ወጣለት። አሠልጣኙ የሚያቅደው ከዚህ ተነስቶ ነው። ሠልጣኙ በመጨረሻ ሰው ሁሉ «ሲኦሲ» እያለ በሚጠራው የብቃት ምዘና ፊት ይቀርባል። ውጤቱም ከመቶ ስንት አመጣ ተብሎ አይነገርም፤ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። «ገና» የምትለዋን ቃል ማን እንዳስገባት እንጃ እንጂ በጎ አሳቢ ነው። በር ይከፍትለታል፤ ሠልጣኙ ያልቻለውን አሃድ ለይቶ፣ ተለማምዶ እንዲመለስ።

ወደ አጠቃላይ ትምህርቱ ግን ሐሳቡ የገባው በዝግታ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን አምጥቶ ነበር፤ በኋላ በወጡት መርሐ ትምህርቶችም ተማሪው በየክፍል ደረጃው ቢያንስ ሊጨብጠው የሚገባ ብቃት ተዘርዝሯል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲገባላቸው ደግሞ ዕቅዱ ከመምህሩ እጅ ወጣ ማለት ይቻላል፤ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት ሆነ፤ የአዳማው ተማሪ ቢገባውም ባይገባውም ስክሪኑ አይጠብቀውም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2014 ዓ.ም. ተሞክሮ ከ2015 ጀምሮ በየደረጃው ሥራ ላይ ሲውል ብቃት ዋናው ቃል ሆነ፤ በጥልቀት ማሰብና ችግር መፍታት፣ ፈጠራ፣ ተግባቦት፣ ተባብሮ መሥራት፣ ዲጂታል ክህሎትና የመሳሰሉት በየትምህርት ዓይነቱ ውስጥ እንዲሰርጹ ተደነገገ።

ሰንጠረዡና እውነተኛው ዓምድ

የዕለታዊ ዕቅድ ቅጽ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ብዙም አይለያይም። ከላይ የመምህሩ ስም፣ የትምህርት ዓይነቱ፣ ክፍሉ፣ ቀኑና የመጽሐፉ ገጽ፤ ቀጥሎ ርዕስና ዓላማ፤ ከዚያም በሰንጠረዥ ጊዜ፣ ይዘት፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ መርጃ መሣሪያና ምዘና ይደረደራሉ። ከታች የመምህሩ፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪውና የምክትል ርዕሰ መምህሩ ፊርማ ይጠበቃል።

አንድ ዕቅድ ብቃት ተኮር መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ርዕሱን ማንበብ አያስፈልግም። «የተማሪው ተግባር» የሚለውን ዓምድ ማየት ይበቃል። በዚያ ሥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ያዳምጣሉ፤ ማስታወሻ ይጽፋሉ፤ ለሚቀርብላቸው ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በማስተማር ላይ ሳለ ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ከማክሰኞ ወደ ረቡዕ፣ ከረቡዕ ወደ ሐሙስ ሲገለብጥ ኖሯል፤ ፊርማም አልተከለከለም። የመምህሩ ዓምድ ሞልቶ የተማሪው ሁለት መስመር ከሆነ፣ ከላይ የተጻፈው ዓላማ የቱንም ያህል ቢያምር በክፍሉ ውስጥ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ነገሩ ከግሡ ይጀምራል። «ያውቃሉ»፣ «ይረዳሉ»፣ «ይገነዘባሉ» የሚሉት ግሦች በዓይን አይታዩም፤ መምህሩ ተማሪው መገንዘቡን በምን ያውቃል? «ያሰላሉ»፣ «ያነጻጽራሉ»፣ «ሠርተው ያሳያሉ»፣ «ያስረዳሉ» ግን ይታያሉ፣ ይሰማሉ። በትምህርት ኮሌጅ ያለፈ ሁሉ የሚያውቀው የትምህርት ዓላማዎችን በደረጃ የሚከፍለው የእነ ብሉም የእ.ኤ.አ. 1956 አመዳደብ ለዚህ ይረዳል፤ ችግሩ የግሦቹ ዝርዝር ከግድግዳ ላይ እየተቀዳ ዓላማው ውስጥ መግባቱና ከታች ያለው ተግባር ያው «ያዳምጣሉ» ሆኖ መቅረቱ ነው።

በምሳሌ እንየው። ከአዳማ በስተሰሜን ምዕራብ ባሉት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ቆመዋል። አዳማ አንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ ጀመረ፤ 34 ተርባይኖች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች አሉት። እያንዳንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለ ኃይል ለውጥ የሚያስተምር የሳይንስ መምህር «ተማሪዎች የነፋስ ኃይልን ጥቅም ይገነዘባሉ» ብሎ ሊያቅድ ይችላል፤ ከዚያም አምስት ጥቅሞች ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፣ ይገለበጣሉ፣ ደወል ይደወላል።

ሌላው መምህር ከመጨረሻው ይነሳል። መጀመሪያ የሚጽፈው የመውጫ ጥያቄውን ነው፦ «አንድ ሰው አዳማ አንድ ሌት ከቀን 51 ሜጋ ዋት ይሰጣል ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?» ዓላማው ከዚህ ይወለዳል፤ ተማሪዎች የጣቢያውን የተተከለ አቅም ከተርባይኖቹ ቁጥር ያሰላሉ፤ ያን ያህል ሁልጊዜ የማይመነጭበትን ምክንያትም በራሳቸው አነጋገር ያስረዳሉ። ማባዛቱ፣ ማለትም 34 በ1.5፣ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ትምህርቱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። የቀደመው ቀን የቤት ሥራ ጠዋትና ማታ ወደ ኮረብታው ተመልክቶ ስንቶቹ እንደሚሽከረከሩ ቆጥሮ መምጣት ይሆናል፤ ለዚህ ቤተ ሙከራም ገንዘብም አያስፈልግም፣ ከቤቱ ሆኖ ኮረብታው ለማይታየው ተማሪ የጓደኛው ቆጠራ ይበቃዋል። ቁጥሮቹ ሲለያዩ ክፍሉ ለምን ብሎ ይከራከራል። ከፍ ባለው ክፍል ደግሞ የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ከነፋሱ የሚገኘው ጉልበት ወደ አንድ ስምንተኛ እንደሚወርድ በስሌት ማሳየት ይቻላል። በዚህ ዕቅድ ውስጥ የተማሪው ዓምድ ከመምህሩ ዓምድ ይረዝማል፤ ቆጠሩ፣ አሰሉ፣ ተከራከሩ፣ አስረዱ።

የዓመቱ ቆጠራ

ዓመታዊው ዕቅድ ከሁሉ በፊት የሒሳብ ሥራ ነው። አንድ ትምህርት በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ ቢኖረውና ዓመቱ 36 ሳምንት ነው ብንል 144 ክፍለ ጊዜ ይወጣል። ነገር ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ምዝገባና የክፍል ድልደላ ይበላዋል፤ የሁለቱ መንፈቀ ዓመታት ፈተናዎች አራት ሳምንት ገደማ ይወስዳሉ፤ በመካከል ዕረፍት አለ፤ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ዓድዋ፣ ስቅለት፣ በጨረቃ የሚቆጠሩት የሙስሊም በዓላትም አሉ። 120 ክፍለ ጊዜ የቀረለት መምህር ዕድለኛ ነው። ዕቅዱን በ144 የሠራ ሰው ግንቦት ላይ ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች በሩጫ «ይሸፍናል»። መሸፈን የሚለው ቃል ራሱ ጉዳዩን ያጋልጣል።

ብቃት ተኮር ዓመታዊ ዕቅድ በምዕራፎቹ ቅደም ተከተል የግድ አይታሰርም፤ የኋለኛው ምዕራፍ በፊተኛው ላይ እስካልቆመ ድረስ ቦታ ማለዋወጥ ይቻላል። አዳማ በኮረብቶች የተከበበች ዝቅ ያለች ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ስለሆነች ጎርፍ የዘወትር ፈተናዋ ነው። ስለ ዝናብ፣ ስለ አፈር መሸርሸርና ስለ ፍሳሽ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹ ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት ያለውን የውኃ መውረጃ ቦይ በካርታ እንዲሥሉ፣ የተደፈነበትንም ቦታ እንዲለዩ ሊያደርግ ይችላል። ዋናው ዝናብ የሚጥለው ትምህርት ቤት በተዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ ምዕራፉን በበልግ ዝናብ ጊዜ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ላይ ማሳረፍ ያዋጣል። ይህን መጽሐፉ አይነግርም፤ አገሩን የሚያውቅ መምህር ነው የሚያውቀው።

60 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ

መንግሥት ያስቀመጠው መለኪያ ለመጀመሪያ ደረጃ በክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። በከተማ ትምህርት ቤቶች ከዚህ የበዛበት ክፍል ብርቅ አይደለም። 40 ደቂቃ ለ60 ተማሪ ሲካፈል ለአንዱ 40 ሰከንድ ይደርሰዋል፤ ስም ጠርቶ መልስ ለመስማትም አይበቃም። ብቃትን መመዘን ደግሞ ተማሪው ሲሠራ ማየትን ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ተከታታይ ምዘና በብዙ ክፍሎች ተከታታይ ፈተና ሆኖ ቀርቷል፤ ከአሥር፣ ከአምስት፣ እንደገና ከአሥር።

የሚሻለው መንገድ ሁሉን በአንድ ቀን አለማለት ነው። መምህሩ በየክፍለ ጊዜው 15 ተማሪ በስም ለይቶ ቢመለከት በሳምንት በአራት ክፍለ ጊዜ 60ውን ያዳርሳል። የእነዚያ 15 ስሞች ከዕለቱ ዕቅድ ጋር ይጻፋሉ፤ መለኪያውም አጭር መሆን አለበት፦ «በራሱ ሠራ»፣ «በእገዛ ሠራ»፣ «ገና ነው»። ከዚህ የረዘመ የመስፈርት ሰንጠረዥ ሲዘጋጅ ያምራል፣ በሦስተኛው ቀን ግን ከመሳቢያ አይወጣም። የቡድን ሥራም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት በብዙ ቦታ ጎበዙ የሚሠራበት፣ አምስቱ ስማቸውን የሚያስመዘግቡበት ሆኖ ነበር፤ ዕቅዱ ለእያንዳንዱ አባል የተለየ ድርሻ ካልጻፈለት ዛሬም ያው ነው።

የመማሪያ መጽሐፍ ሌላው ራስ ምታት ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ የታተመው መጽሐፍ ለብዙ ተማሪዎች በጊዜው አልደረሰም፤ በስልክ የሚነበብ ቅጂ ያለው ከሌለው ጋር ተጋርቶ መማር ነበረበት። «ገጽ 42ን አንብባችሁ ኑ» የሚል ዕቅድ በእንደዚህ ዓይነት ክፍል አይሠራም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አዳማን የተለየች የሚያደርጋት ቋንቋው ነው። በከተማዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሰጣል፤ የአንዱ መምህር «ካሮራ» የሌላው «ዕቅድ» ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁለቱም ዓይነት ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው በእንግሊዝኛ ይማራሉ። የፊዚክሱ መምህር «ያስረዳሉ» ብሎ ሲያቅድ በየትኛው ቋንቋ? ተማሪው ነፋሱ ሲቀንስ ምን እንደሚሆን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ አጥርቶ ከተናገረና በእንግሊዝኛ ግን ከተንተባተበ ብቃቱ የለውም ልንል ነው? በእኔ አስተያየት የፊዚክሱ ብቃት አለው፤ የጎደለው ሌላ ብቃት ነው፣ ዕቅዱም ሁለቱን ለየብቻ ሊጽፋቸው ይገባል። አንድ ላይ ሲቀላቀሉ ልጁ በማያውቀው ነገር ሳይሆን በማይናገረው ነገር ይወድቃል።

የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዎች፣ ከሁሉም በላይ የ12ኛ ክፍሉ ብሔራዊ ፈተና ዕቅዱን ወደራሳቸው ይስባሉ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በምርጫ ጥያቄ የሚመዘን ተማሪ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሳለ የቦይ ካርታ ለማሣል ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚመድብ የ12ኛ ክፍል መምህር ድፍረት ያስፈልገዋል፤ የወላጆችን ጥያቄም የሚመልስበት ትዕግሥት።

በቅጹ ግርጌ፣ ከፊርማዎቹ በላይ፣ «አስተያየት» የምትል አንዲት መስመር አለች። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ የምትሞላ ብቸኛዋ ቦታ እርሷ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ወይ ባዶዋን ትቀራለች ወይ «ጥሩ ነበር» ይጻፍባታል። ሱፐርቫይዘሩም ሲመጣ የሚያየው ፊርማውንና ቀኑን ስለሆነ አይጠይቅባትም። «34 በ1.5ን ሁሉም ሠርተውታል፤ ዛሬ ካየኋቸው 15 ውስጥ ነፋስ ሲቀንስ የሚሆነውን ያስረዱት 6 ናቸው፤ ነገ ከዚያው ይጀመራል» ብሎ የጻፈባት መምህር ግን የነገውን ዕቅድ መግቢያ ጽፎ ጨርሷል።