ስቶር የገባ ዕቃ የተጣለ ዕቃ አይደለም

እዚህ ሐረር ስለ ሙዚየም ወሬ ከተነሳ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ያ ሁሉ ዕቃ ስቶር ውስጥ ከሚበሰብስ ለምን ወጥቶ አይታይም?» ኧረ ሰለቸኝ! ሙዚየም ማለት ጎብኚ የሚዞርበት ክፍል ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ፓሪስ ያለውን ሉቭር ሙዚየም እንይ። ወደ 500,000 ከሚጠጋ ስብስቡ ለእይታ ያወጣው 35,000 ገደማ ነው። የቀረውን ደብቆት አይደለም። ለጎብኚ አንድ ያማረ የሐረሪ ስፌት ይበቃዋል፤ ስፌት የሚያጠና ሰው ግን ያረጀውን፣ ያላለቀውን፣ የተቀደደውንም ጎን ለጎን አድርጎ ማየት አለበት። አንዲት የማውቃት ተማሪ ግድግዳ ላይ ካማረው ይልቅ ቂጡ የተፈታውን ስፌት ስታገኝ ነው ደስ ያላት። አጀማመሩና ውስጡ ያለው ሣር የሚታየው እሱ ላይ ነዋ! «ተበላሽቷል» ተብሎ ቢጣል ኖሮ ያንን ከየት ታገኘው ነበር?

ደግሞ ብርሃን አለ። የድሮ የእጅ ጽሑፎቻችንን ዓመቱን ሙሉ መስታወት ውስጥ ዘርግቶ ማቆየት እነሱን መጉዳት ነው። ለወረቀትና ለጨርቅ የሚመከረው 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፣ ያም ቢሆን ጉዳቱ ይጠራቀማል እንጂ አይመለስም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ስንቱ ወጣ?» ሳይሆን «የተፈለገው ይገኛል ወይ?» ነው። ቅርስ ጥበቃ ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኢክሮም፣ ሪኦርግ በሚባለው የስቶር ማደራጃ ዘዴው ግልጽ መለኪያ አስቀምጧል፦ ማንኛውም ዕቃ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያለበት ይታወቅ፣ ለማውጣትም ከሁለት በላይ ሌላ ዕቃ መነካት የለበትም። ዕቅድ የምታወጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ከመስታወት ሳጥን በፊት መደርደሪያ ግዙ፣ መዝገቡን አስተካክሉ፣ ለሚያጠና ሰው ደህና መብራት ያለው ጠረጴዛና ወንበር አስቡለት። ይሄ ከሌለ ተመራማሪው በር ላይ ቆሞ ይመለሳል።

«ሁሉም በዘመኑ ቅደም ተከተል ይደርደር» የሚሉም አሉ። አዳራሹ ውስጥ ይሁን፣ ስቶር ውስጥ ግን ብረትና ቆዳ አንድ ዓይነት አየር አይስማማቸውም። ሮተርዳም ያለው ቦይማንስ ሙዚየም በ2021 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ በከፈተው ማከማቻ 151,000 የሚሆኑ ሥራዎቹን ያስቀመጠው በሚፈልጉት ሙቀትና እርጥበት ነው። ሕዝቡም ገብቶ ያያል።

ዕቃ ሲነካ ሁሌ ነጭ ጓንት ይደረግ የሚባለውስ? ለወረቀት ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል፤ ጓንት ለብረትና ለፎቶ።

«ፎቶ ተነስቶ ኮምፒውተር ከገባ በቃ» የሚባለውም አይሠራም። ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ የሚታየው የፋብሪካ ምልክት ዕድሜውን ይጠቁማል፤ ተራ ፎቶ ላይ አይወጣም።

ለጥናት የምትመጡ ደግሞ ቀድማችሁ ጻፉ። የምትፈልጉትን ዕቃ የመዝገብ ቁጥር ጠይቁ፣ እርሳስ ያዙ። እስክሪብቶ ቦርሳችሁ ውስጥ ይቆይ።