የአፈር የዘር ክምችት ምንድን ነው?

የአፈር የዘር ክምችት የሚባለው ከዛፍ፣ ከቁጥቋጦና ከሣር ረግፎ በቅጠል ብስባሽና በአፈር ውስጥ ሳይበቅል፣ ሕይወቱንም ሳያጣ የሚቆይ ዘር ነው። ደን ሲመነጠር ወይም ሲቃጠል ምን መልሶ እንደሚበቅል ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ክምችቱ የሚለካበት መንገድ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ካለው የመናገሻ ሱባ ደን ከጽድ ሥር አፈር ቢወሰድ፣ በችግኝ ጣቢያ በሣጥን ላይ ስስ ተደርጎ ይነጠፍና ውኃ እየጠጣ ለወራት ይቆያል፤ የበቀለውም እየተለየ ይቆጠራል። በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች በዚህ መንገድ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከአፈሩ የሚወጣው በአብዛኛው ሣርና አረም ነው፤ የትልልቆቹ ዛፎች ዘር እምብዛም አይገኝም። የብዙ ደን ዛፎች ዘር እንደረገፈ ይበቅላል፣ ይበሰብሳል ወይም በአይጥና በነፍሳት ይበላል። ለምሳሌ ጥቁር እንጨት የተባለው ዛፍ ዘር የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። እነዚህ ዛፎች ተተኪያቸውን የሚያቆዩት በአፈር ውስጥ ሳይሆን በእናት ዛፍ ጥላ ሥር ባሉ ቡቃያዎች ነው።

ስለዚህ ደን ተመንጥሮ መሬቱ ለዓመታት ከታረሰ ወይም ከብት ከተሰማራበት፣ አፈሩ ደኑን አይመልስም። ዘሩ ከሌላ ቦታ፣ ከቀሩት እናት ዛፎች፣ በወፍና በነፋስ መምጣት አለበት። በአዲስ አበባ ዙሪያ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቆሙት ጽድና ወይራ እጅግ ውድ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ሲቆረጥ የሚጠፋው እንጨቱ ብቻ አይደለም።

በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የእንጦጦን ተራራ ከሸፈነ ወዲህ አገር በቀሉን ለመመለስ ሲታሰብ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቁረጥ የሚቀና ይመስላል፤ እኔ ግን ይህን አልደግፍም። በሱባ ከባሕር ዛፍና ከፈረንጅ ጽድ ተክል ሥር አገር በቀል ዛፎች በራሳቸው ሲበቅሉ ታይቷል፤ የቆመው ዛፍ ጥላ ይሰጣል፣ ወፎችም ያርፉበታል። ከብት ከልክሎ፣ ከሥሩ የበቀለው አገር በቀል ሲጠነክር ባሕር ዛፉን በየተራ ማሳሳት ይሻላል። ችግኝ ለመትከል ተብሎ ቀጋና አጋም መመንጠርም ስሕተት ነው፤ ወፍ የጣለችው የወይራ ዘር ፍየል የማይደርስበትን ቦታ የሚያገኘው በእሾሁ መካከል ነው። እናት ዛፍ በአቅራቢያው ፈጽሞ በሌለበት ግን ዘሩን ሰው ራሱ ለቅሞ፣ ችግኝ አፍልቶ መትከል ይኖርበታል።